ገዳም የደበደበ ሰው የጻፈው የገዳም ልቦለድ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክር ተከፍቶ ነበር። ክሩን የከፈተው ልጅ የጠየቀው ነገር የለም። ፍርዱን ይዞ ነው የመጣው። የዋልተር ሚለርን «ኤ ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ» የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ ስለ ደራሲው ሲያስስ፣ ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደር እንደነበረ አወቀ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1944 ኢጣሊያ ውስጥ የሞንቴ ካሲኖን ገዳም ባፈራረሰው ድብደባ ላይ ተካፍሏል። ልጁ እዚህ ላይ ቆሞ ደመደመ። መጽሐፉ ልቦለድ ሳይሆን ንስሐ ነው አለ። ይህን ሳያውቅ ያነበበ ሰው እንዳላነበበ ይቆጠራል ሲልም ጨመረበት። በዚያ ላይ ሚለርን አብራሪ ብሎ ጻፈ። ያቺ ቃል ጠብ ጫረች።

መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ትንሽ ልበል። (ዓመቶቹ የአውሮፓውያን ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የኑክሌር ጦርነት ዓለምን አውድሟል። የተረፈው ሕዝብ ይህን መዓት ያመጡብን የተማሩት ናቸው ብሎ ተነሳባቸው። ሊቃውንቱን ገደለ፣ መጻሕፍቱን አቃጠለ። ሊቦዊትዝ የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ግን መነኮሰና መጻሕፍት የሚሸሽግ ማኅበር አቋቋመ። በኋላ ተያዘ፣ ተገደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአሜሪካ በረሃ ባለ አንድ ገዳም ነው። መነኮሳቱ ምን እንደሆነ የማይገባቸውን የቀድሞ ዘመን ወረቀት እየገለበጡ ያቆያሉ። ሦስት ክፍል አለው፤ የመጨረሻው በ3781 ነው። የሰው ልጅ መብራቱን መልሶ ያገኛል፣ ቦምቡንም መልሶ ይሠራል። የቀረውን መገመት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልሶች የተለመዱት ናቸው። አንዱ አመሰገነ፣ አንዱ ፒዲኤፍ ጠየቀ፣ የመድረኩ ተቆጣጣሪ ደግሞ የተሰረቀ መጽሐፍ እዚህ አይለጠፍም አለ።

ጨዋታው የተጀመረው በ4ኛው ነው። ጸሐፊው የጦር አውሮፕላን ነገር የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ሚለር አብራሪ አልነበረም፣ የሬዲዮ ሠራተኛና በጅራት በኩል የሚቀመጥ መትረየስ ተኳሽ ነበር ሲል አረመ። በኢጣሊያና በባልካን ሰማይ ከ50 በላይ በረራ አድርጓል። ቦምቡን የሚለቀው ሌላ ሰው ነው። የጅራት ተኳሹ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጭሱን የሚያየው እሱ ነው። ሰውዬው ይህን ሲጽፍ ቴክኒካዊ እርማት መስጠቱ ብቻ ነበር። ለእኔ ግን ከክሩ ሁሉ ትልቁን ነገር ሳያስበው ተናገረ።

ክር ከፋቹ በ5ኛው እርማቱን አልወደደውም። የትም ይቀመጥ የት ያው ነው ብሎ አለፈው።

6ኛው መልስ ከአንድ ጠና ያሉ ሰው ነው። ልጁን ልጄ እያሉ፣ ረጋ ብለው ስለ ውጊያው አስረዱት። ገዳሙ ከኔፕልስ ወደ ሮም የሚወስደውን መንገድ ቁልቁል የሚያይ ተራራ ላይ ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ529 ገደማ የመሠረተው ነው ይባላል። ጀርመንን የሚወጉት የተባባሪዎቹ አገሮች አዛዦች ጀርመኖች ውስጡ መሽገዋል ብለው ጠረጠሩ። ከ1,000 ቶን በላይ ቦምብ ወረደበት። ጀርመኖቹ ግን ውስጡ አልነበሩም። የነበሩት መነኮሳትና ከውጊያው ሸሽተው የተጠለሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከእነዚያ ብዙዎቹ አለቁ። ጀርመኖቹ ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው የመሸጉት ከዚያ በኋላ ነው። የፖላንድ ወታደሮች ባንዲራቸውን እዚያ የሰቀሉት ሜይ 18 ሲሆን ነው። እኚህ ሰው አንድ ነገር አስከተሉ። የገዳሙ የብራና መጻሕፍትና መዛግብት ድብደባው ከመድረሱ በፊት፣ በ1943 መጨረሻ፣ በጀርመን መኮንኖች እርዳታ ወደ ሮም ተወስደው ነበር። ሕንጻው ሲፈርስ መጻሕፍቱ ተረፉ ማለት ነው። ልቦለዱን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

7ኛውና 8ኛው ልጁን የሚደግፉ ናቸው። ሚለር ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር፣ በ1947 ደግሞ ካቶሊክ ሆነ፣ ታዲያ ንስሐ ካልሆነ ምንድን ነው አሉ። ክርክሩ ያለቀ መሰለ።

9ኛው መልስ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ክሩን ያነሳችው እሷ ናት ብል አልተሳሳትኩም። ብዙ ጻፈች፣ ያውም ያለ ስድብ። ነጥቧ አጭር ነው፤ መጽሐፉ ያስቃል፣ የሚያስቅ መሆኑን ግን እስካሁን አንድም ሰው አላነሳም። የመጀመሪያውን ክፍል አስታወሰችን። ወንድም ፍራንሲስ የሚባል የዋህ ጀማሪ መነኩሴ በዐቢይ ጾም በረሃ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ድንጋይ ይጠቁመዋል። ድንጋዩን ሲያነሳ ከሥሩ የኑክሌር አቧራ መሸሸጊያ ያገኛል። በሩ ላይ የተጻፈውን ፎልአውት (የኑክሌር አቧራ ማለት ነው) የሚል ቃል የጭራቅ ስም አድርጎ ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ መሸሸጊያው ከ15 በላይ እንደማይዝ ተጽፏል። ፍራንሲስ ውስጥ 15 ጭራቅ ተቀምጧል ብሎ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ ካገኛቸው ወረቀቶች አንዱ ደግሞ ሊቦዊትዝ ለቤቱ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ሥጋ፣ የጎመን ጣሳ፣ ስድስት ዳቦ። ያ ብጣሽ ወረቀት የቅዱስ ንዋይ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ ይህን የጻፈው ሰው ደረቱን እየደቃ ነበር የጻፈው ትሉኛላችሁ ወይ ስትል ጠየቀች። የደራሲውን ሕይወት ቀድሞ ያወቀ አንባቢ እንዲህ ያለውን ቦታ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሚያልፈው አለች።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ስለ ደራሲው ማወቅ አይጎዳም። ጉዳቱ ያወቅነውን ይዘን መጽሐፉን እንደ ፖሊስ መዝገብ ማገላበጥ ስንጀምር ነው።

ልጁ በ10ኛው የሚያለቅስ ሰውም ይስቃል ብሎ መለሰ። መልሱ ክፉ አልነበረም። 11ኛው ሁለታችሁም ቡና ተጠራርታችሁ ጨርሱት ብሎ ቀለደ።

12ኛው ግን ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። ሚለር ራሱ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረውን አመጣ። መጽሐፉ ለጦርነቱ የሰጠው የግሉ ምላሽ መሆኑ አእምሮው ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። ሦስተኛው ክፍል ላይ አበምኔት ዜርኪ ከፈረሰ ሕንጻ ሥር ግማሽ አካሉ ተቀብሮ ይተኛል። ሚለር ያንን እየጻፈ ሳለ ነው ብልጭ ያለለት። ይህ ፍርስራሽ የአሜሪካ በረሃ አይመስልም፣ የደቡብ ኢጣሊያ ነው፤ ለካ ስጽፍ የከረምኩት ሞንቴ ካሲኖን ኖሯል ወይ ብሎ ደነገጠ። ሦስቱ ክፍሎች በመጽሔት መውጣት የጀመሩት በ1955 ነው፤ ሦስተኛው የወጣው በ1957። ሰውዬው የሚጽፈውን ሳያውቅ ብዙ ገጽ ሄዷል ማለት ነው። 12ኛው በዚህ ለልጁም ለሴትዮዋም ግማሽ ግማሽ እውነት ሰጥቶ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ።

ከዚያማ 13ኛው ጮኸ። ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ነኝ፣ መጨረሻውን ለምን ትነግሩኛላችሁ አለ። ሰው ሆኖ አለመናደድ አይቻልም። 14ኛው አላዘነለትም። መጽሐፉ የታተመው በ1959 ነው፣ ሑጎ የሚባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት የወሰደው በ1961 ነው፣ ከዚህ በላይ ማን ይጠብቅህ አለው።

15ኛዋ ከእስራኤል የምትጽፍ ናት። መንገደኛው ሽማግሌ ድንጋዩ ላይ ሁለት የዕብራይስጥ ፊደል ይጽፋል፣ ላሜድና ጻዴ። ፍራንሲስ ማንበብ አቅቶት ሲጨነቅ እሷ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብላ ከመነኩሴው ቀድማ አነበበችው። ጉራዋን ነፋች፣ ነገር ግን የሚገባት ጉራ ነው።

16ኛው ላይ ነገሩ ጦዘ። ይህ ሰው ለኢጣሊያ ገዳም ይህን ሁሉ እንባ ስናፈስ ደብረ ሊባኖስን ማን ጠራ ብሎ ተነሳ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ አዝዞ ጄኔራል ማሌቲ መነኮሳቱን አስፈጃቸው። ጣልያኖች በራሳቸው ቴሌግራም ያመኑት 449 ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሰዋል። ሞንቴ ካሲኖ ግን ተሠርቶ በ1964 በጳጳሱ ተባረከ። የ16ኛው ቁጭት ገብቶኛል። ኢጣሊያና ገዳም የሚሉ ቃላት አንድ ላይ ከተጠሩ የእኛ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። 17ኛው ለስለስ ብሎ፣ እዚያ ተራራ ላይ ያለቁት ስደተኞች ግራዚያኒ አይደሉም፣ ሬሳ ከሬሳ አናመዛዝን አለው። 18ኛው ግን ለስላሳ አልነበረም። 17ኛውን ባንዳ ብሎ ሰደበው። 19ኛው ምን እንዳለ አላውቅም፣ ተሰርዟል። 20ኛው ላይ ተቆጣጣሪው ሌላ ክር ክፈቱ፣ እዚህ ስለ መጽሐፉ ብቻ ብሎ አስጠነቀቀ።

እንዲህ ከተጯጯሁ በኋላ 21ኛውን ማንበብ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር። ጎጃም ያደገ ሰው ነው። አጎቱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየሉን ቆዳ ወጥረው ይፍቁታል። ሲደርቅ በወስፌ መስመር ያወጡለታል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጁታል። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። ልጅ ሆኖ ሥራው መቃውን መቅረጽ ነበር። አጎቱ ሲጽፉ አያወሩም። የሚገለብጡት መጽሐፍ ላይ ትርጉሙ የማይገባቸው ነገር ሲያጋጥማቸው እንዳለ ያሰፍሩታል፣ ከራሳቸው አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይወስድባቸው ነበር። ስለዚህ ፍራንሲስን ሲያነብ ባዕድ ሰው አልሆነበትም።

22ኛዋ ያችው የ9ኛው ሴት ናት። ነገሩን ተቀብላ አሰፋችው። ፍራንሲስ ያገኘው ዋና ነገር ሊቦዊትዝ የሣለው የኤሌክትሪክ ንድፍ ነው፤ ነጭ መስመር በሰማያዊ ወረቀት ላይ። የትራንዚስተር መቆጣጠሪያ መሆኑ ተጽፎበታል። ትራንዚስተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን በምድር ላይ የለም። ፍራንሲስ ያንን ገልብጦ በወርቅና በሐረግ ሲያስጌጥ 15 ዓመት ይፈጃል። ይዞት ወደ አዲሲቱ ሮም ሲሄድ ሽፍታ ይይዘዋል። ሽፍታው በወርቅ ያበደውን ግልባጭ ይወስድና ዋናውን፣ ያደፈውን ወረቀት፣ ይተውለታል። ጳጳሱ ሲያጽናኑት ያ ግልባጭ ባይኖር ኖሮ የምንቀማው ዋናውን ነበር ይሉታል። ሴትዮዋ እዚህ ላይ 21ኛውን ስለ አጎቱ ጠየቀችው፤ የማያውቀውን ነገር ማስጌጥ ድንቁርና ነው ወይስ ትሕትና? እሱ አልመለሰላትም። አጎቴ ሐረግ የሚስሉት ደንበኛው ሲከፍል ብቻ ነው ብሎ ወጣ። አቤት የወደድኩት!

23ኛው በጣም የዘገየ ነው፤ ስለ ኑክሌር አቧራ ፊዚክስ ረጅም ነገር ጻፈ፣ ማንም አልተከተለውም።

24ኛውና 25ኛው ክፉ መንገድ ያዙ። 24ኛው የሚለርን አሟሟት አነሳ። ደራሲው ከመጽሐፉ በኋላ ከሰው ተደበቀ፤ ወኪሉ እንኳን በአካል አይቶት አያውቅም። ባለቤቱ በ1995 አረፈች። እሱ በጃንዋሪ 1996፣ በ72 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን አበምኔት ዜርኪ በጨረር የተቃጠለች ሕፃን የያዘችን እናት ሥቃይ የበረታባቸው ሰዎች በሐኪም እጅ ወደሚሞቱበት ጣቢያ አትሂጂ ብሎ ይከራከራታል። 24ኛው ይህን አጋጥሞ ሚለርን አስመሳይ አለው። 25ኛዋ መልስ ተቆጥታ ነው የጻፈችው። በቤቷ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው እንዳለ ከተናገረች በኋላ፣ በሽታን ከአስመሳይነት ለይቶ የማያውቅ ሰው ልቦለድ ከማንበቡ በፊት ሌላ ነገር ይማር አለችው። ቀጥላ ግን ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። ዜርኪ ድል አድራጊ አይደለም፤ ክርክሩ ሲያቅተው ሐኪሙን በቡጢ ይመታዋል። ለእናቲቱም ልጅ ሳለ መኪና የገጨውን ድመቱን ከሥቃይ ላሳርፍ ብሎ እንዴት ደጋግሞ እንዳሠቃየው ይነግራታል። ድመቱ በቀላሉ አልሞተለትም። ደራሲው መልሱን ቢያውቅ ኖሮ ያንን ድመት አያስገባውም ነበር አለች። 24ኛው ይቅርታ አልጠየቀም፤ ደግሞም አልጻፈ።

26ኛው ክር ከፋቹ ራሱ ነው። የንስሐውን ነገር አልተወም፣ ቃሉን ግን ዝቅ አድርጓል። ሁለተኛ መጽሐፍ አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። 27ኛው መለሰለት። ሚለር በሕይወት እያለ የታተመለት ልቦለድ ይኸው አንዱ ነው። ሌላውን ለብዙ ዓመት ሲጽፍ ኖሮ ሳይጨርሰው ሞተ። ቴሪ ቢሰን ጨርሶት በ1997 ወጣ። ሳቁ ግን የለበትም፣ ፈረሰኛና ፖለቲካ ነው የሞላው ብሎ አስጠነቀቀው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው መጣ። 28ኛው ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ነው። ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ የቅዱስ ዮሐንስ የቤኔዲክቲን (የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ማኅበር) ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮንክሪት ነው፤ ከፊቱ የቆመው ደወል ማማ እንደ ሰንደቅ የተዘረጋ ግዙፍ ግድግዳ ነው። ሰውዬው ይህ ገዳም የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፊልም አንስቶ ያስቀመጠ መሆኑን ነገረን። ሐሳቡንም ያገኙት ከሚለር መጽሐፍ ነው አለ። 29ኛው የመጨረሻዋን አልዋጠም። ቤኔዲክቲኖቹ በ1965 ኦስትሪያ ውስጥ ፊልም ማንሳት የጀመሩት በጦርነቱ የጠፉ የገዳም መጻሕፍትና የፈረሰው ሞንቴ ካሲኖ ትዝ እያላቸው ነው፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃትም ነበረባቸው። ልቦለድ አንብበው ተነሱ የሚል ማስረጃ የለህም አለው። ልክ ነው። ሁለቱም፣ ደራሲውም መነኮሳቱም፣ በአንድ ዘመን አንድ ነገር ፈሩ። ይህ ይበቃል፤ ተረት መጨመር አያስፈልግም።

የኢትዮጵያው ሥራ የተጀመረው በ1973 ነው። ዘጠኝ ሺህ ያህል መጻሕፍት በፊልም ተነሱ። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ኮሌጅቪል ቀረ። 30ኛው መልስ ይህን ሥራ ያለ ጌታቸው ኃይሌ ማንሳት ነውር ነው አለ። ጌታቸው በ1975 በደርግ ወታደሮች ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ሚኒሶታ ሄደው በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ያንን ፊልም ሲያነቡና ካታሎግ ሲያደርጉ ኖሩ። የተማረን ሰው ስላሳደደው የልቦለዱ ሕዝብ ስናወራ አንድ ቀን ነው የፈጀብን፣ የራሳችንን ለማስታወስ ግን 30 መልስ ፈጀብን ብሎ ጎሸም አደረገን። 16ኛውም ተመልሶ ተስማማበት። ሰው ይገርማል።

ከዚህ በኋላ ሚለርን የሚያነሳ ጠፋ። 31ኛው ካታሎጉ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል ብሎ መንገዱን አሳየ። ከዚያማ ሁሉም የአገሩን ደብር ስም መጻፍ ያዘ። አንዱ የመራቤቴ አለ ወይ ይላል፣ ሌላው የላስታ። አንዷ የእናቷ አጥቢያ የለም ብላ ተቀየመች። 36ኛው ሐይቅ እስጢፋኖስን ፈልጎ የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ከነካታሎግ ቁጥሩ አገኘው፤ ቁጥር 1832። በ1280 ወይም 81 የተጻፈ ነው። 37ኛዋ ይህን ለማየት ጀልባ ተሳፍሬ ሄጄ ሴት አይገባም ተብዬ ተመልሻለሁ፣ አሁን ሶፋዬ ላይ ሆኜ እያየሁት ነው አለች። 38ኛው ደግሞ ያ የሁለተኛው መልስ ልጅ ነው። ፒዲኤፉን አሁንም እየጠየቀ ነው።